እየሠሩ መማር በአሜሪካ፦ የትኛው ሥራ ለየትኛው ተማሪ?

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ወር ዋሽንግተን መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ቤት፣ እግር ሥር ያለች ትንሽ ማሞቂያ፣ ጭኔ ላይ የኬሚስትሪ መጽሐፍ። ቀድመውኝ የመጡት ሁሉ «ጥሩ ሥራ ነው፤ ተቀምጠህ ታጠናለህ» ብለውኝ ነበር። እኔም ተቀምጬ አጠናሁ። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ስደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ ካርዱን ተቀብዬ፣ መልስ ቆጥሬ፣ መዝጊያውን አንሥቼ ስመለስ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። አንድ ሌሊት አንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ በእርሳስ አስምሬበት አገኘሁት፤ አራቱንም ጊዜ ገና የማነበው መስሎኝ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወጥቼ ጠዋት ሦስት ሰዓት ክፍል እገባለሁ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ኬሚስትሪ ወደቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በምማርበት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሳምንት አሥር ሰዓት መጻሕፍት መደርደር ጀመርኩ። የሰዓት ክፍያው ከመኪና ማቆሚያው ያንስ ነበር፤ የሰዓቱም ብዛት ስለቀነሰ የሳምንት ገቢዬ ከሲሶ በታች ወረደ። ኬሚስትሪውን ግን ደግሜ ወስጄ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ያን ዓመት ከቤት እየተመላለስኩ፣ አሮጌ ካፖርት ለብሼ፣ ምሳዬን በዕቃ ቋጥሬ ነው የተማርኩት፤ ችግሩን አልረሳሁትም። ቢሆንም የወደቅሁበትን ኮርስ ለመድገም የከፈልኩትን ክፍያ በመኪና ማቆሚያው ካገኘሁት ላይ ስቀንሰው ትርፉ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዛሬ ልጆቻቸው ኮሌጅ የሚገቡ ወላጆችና ራሳቸው ልጆቹ ምክር ሲጠይቁኝ የሚቀድመው ጥያቄ ሁልጊዜ «በሰዓት ስንት ይከፍላል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በፊቱ ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙት፦ ሥራው የቀኑን የትኛውን ሰዓት ይወስዳል? ከክፍያው ሌላ ምን ይሰጣል? ፈተና ሲደርስ አለቃው ማን ነው? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

አስቀድማችሁ ወረቀታችሁን እዩ

በግሪን ካርድ፣ በዜግነት፣ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ፈቃድ ያላችሁ ተማሪዎች ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ትችላላችሁ፤ ተማሪ በመንግሥት ድጋፍ እየሠራ ደመወዝ ለሚያገኝበት፣ ወርክ ስተዲ ለተባለው ፕሮግራምም በሩ በዚያ በኩል ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ግን ፋፍሳ አይመለከታችሁም። ለእናንተ የተፈቀደው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሰዓት መሥራት ነው። 20 ሰዓቱ የሁሉም ሥራ ድምር ነው፤ ቤተ መጻሕፍት 12፣ ካፍቴሪያ 12 ብላችሁ ብትይዙ ሕግ ጥሳችኋል። ተማሪውን በቀጥታ የሚያገለግል የግል ድርጅት፣ ለምሳሌ ግቢው ውስጥ ያለ የመጻሕፍት መደብር ወይም ምግብ ቤት፣ እንደ ግቢ ሥራ ይቆጠራል። ለዚህ ሥራ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የቅጥር ደብዳቤውንና የውጭ ተማሪዎች አማካሪያችሁን ደብዳቤ ይዛችሁ ሄዳችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ታወጣላችሁ።

አንድ የማውቀው ልጅ በዚህ ቪዛ እየተማረ ቅዳሜና እሑድ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር፤ ክፍያው በእጅ ነበር። ማንም አያውቅም ብሎ ነው። ነገሩ ሲታወቅ የተማሪነት መብቱን አጣ፤ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ትምህርት ሳይጠናቀቅ ቀረ። ቤተሰቦቹ አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን አስይዘው ተበድረው ነበር የላኩት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድን ዶላር ከአገር ቤት ለመላክ ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል፤ ጭንቀቱ የሚገባኝም ለዚህ ነው። ቢሆንም ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት ለኤፍ-1 ተማሪ እዚህ ከማወዳድራቸው አማራጮች ውስጥ አይገባም። ድንገተኛና ከባድ የገንዘብ ችግር ሲደርስ አንድ የትምህርት ዓመት ለጨረሰ ተማሪ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሕጋዊ መንገድ አለ፤ አማካሪያችሁ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወርክ ስተዲ

በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድህነትን ለመዋጋት ካወጧቸው ሕጎች ጋር የመጣ ፕሮግራም ነው። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማችኋልና ትንሽ ልቆይበት።

የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ለኮሌጁ ይሰጣል። ኮሌጁ ከፋፍሳው የቤተሰቡን አቅም አይቶ ለተማሪው «በዚህ ዓመት እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ሠርተህ ማግኘት ትችላለህ» ይለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። በድጋፍ ደብዳቤው ላይ 3,000 ዶላር ተጽፎ ሲያዩ ከትምህርት ክፍያው ላይ የሚቀነስ ይመስላቸዋል። አይቀነስም። ሥራውን ራሱ ተማሪው ፈልጎ ማግኘት፣ መሥራት፣ ደመወዙንም እንደማንኛውም ሠራተኛ በቼክ ወይም በባንክ ሒሳቡ መቀበል አለበት። ሥራ ካላገኘ ገንዘቡ የለም። የሴሚስተሩ ክፍያ በነሐሴ ሲጠየቅ ይህ ገንዘብ ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ ለመጽሐፍ፣ ለአውቶቡስና ለምግብ እንጂ ለትምህርት ክፍያ አትቁጠሩት።

የተጻፈው መጠን ጣሪያ መሆኑንም አትርሱ። 3,000ውን ለሁለት ሴሚስተር ብንከፍለው 1,500 ዶላር ነው። በሰዓት 15 ዶላር ቢከፈላችሁ 100 ሰዓት ይሆናል። ሴሚስተሩ 15 ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሰባት ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። በጉጉት በሳምንት 12 ሰዓት ብትሠሩ በዘጠነኛው ሳምንት ገንዘቡ ያልቃል። እኔ ይህን የተማርኩት መጋቢት ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠርታኝ «የተመደበልህ አልቋል» ስትለኝ ምን እንደምትል አልገባኝም ነበር። ሁለት ወር ያለ ገቢ ቆየሁ። መጀመሪያውኑ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሄጄ «ስንት ሰዓት ነው? ሲያልቅስ የሚጨመር አለ ወይ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሰዓቴን እመጥን ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሌሎች ተማሪዎች ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ስለሚተርፍ መጠየቁ ዋጋ አለው።

ክፍያው ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ማነስ አይችልም፤ ያ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሟል። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከዚያ ከፍ ካለ ከፍ ያለው ይሠራል። ሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ በሐምሌ 2025 ወደ 17.95 ከፍ ብሏል። ቴክሳስ ግን የፌዴራሉን 7.25 ነው የሚከተለው። የቴክሳሷ ዳላስ ያለች ተማሪና የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ተማሪ ስለ ወርክ ስተዲ ሲያወሩ አንድ ነገር የሚያወሩ ቢመስላቸውም፣ ለተመሳሳይ ሰዓት አንዷ የሌላዋን ግማሽ ልታገኝ ትችላለች።

አሁን ወደ ጥቅሙ። የመጀመሪያው ቀጣሪውን የሚመለከት ነው። ብዙውን ጊዜ እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ደመወዝ የሚሸፍነው የፌዴራሉ ገንዘብ ስለሆነ አንድ ቢሮ ወርክ ስተዲ ያለውን ተማሪ ሲቀጥር ከራሱ በጀት የሚያወጣው ትንሽ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትጠይቁ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «ወርክ ስተዲ አለኝ» በሉ። በር የሚከፍት ቃል ነው። ልጆቻችን ግን የድጋፍ ምልክት መስሏቸው ያፍሩበታል፤ መጨረሻ ላይ በዝግታ ይናገሩታል።

ሁለተኛው ጥቅም ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ በሥራ ምርጫ ላይ ያለኝን አስተያየትም የለወጠው እሱ ነው። የፋፍሳ ስሌት የወላጅን ብቻ ሳይሆን የተማሪውንም ገቢ ያያል። ከተፈቀደው የነፃ መጠን በላይ የሆነው የተማሪው ገቢ ግማሹ «ለትምህርቱ ሊከፍለው ይችላል» ተብሎ ይቆጠራል። የሚታየውም ከሁለት ዓመት በፊት ያለው ገቢ ነው፤ ለ2026–27 የትምህርት ዓመት የሚጠየቀው የ2024 ገቢ ነው። በመኪና ማቆሚያ ወይም በመጋዘን ሌት ተቀን የሠራ ልጅ ከነፃው መጠን በላይ 4,000 ዶላር ቢያገኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 2,000 ዶላር መክፈል የሚችል ተደርጎ ይታሰባል፤ በዚያው ልክ ድጋፉ ሊቀንስበት ይችላል። ሥራውን ትቶ ቢሆን እንኳ። በወርክ ስተዲ የተገኘ ገቢ ግን ከዚህ ስሌት ውስጥ ይወጣል። የድጋፍ ደብዳቤው ለምን እንደቀነሰ ግራ ገብቷቸው የሚመጡ ወላጆች አሉ፤ አብረን ወደ ኋላ ስንቆጥር ልጁ ብዙ የሠራበት ዓመት ላይ እንደርሳለን።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ግን በየቼኩ ይታያል። ቢያንስ ግማሽ ያህል የትምህርት ጭነት ይዞ በሚማርበት ትምህርት ቤት የሚሠራ ተማሪ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ ብዙውን ጊዜ አይቆረጥበትም። ሁለቱ ሲደመሩ 7.65 በመቶ ናቸው፤ ከ300 ዶላር ቼክ ላይ 22 ዶላር ከ95 ሳንቲም ማለት ነው። ይህ ወርክ ስተዲ ላልሆነ የግቢ ሥራም ይሠራል። የገቢ ግብር ግን አይቀርም። የምግብ ድጋፍ ላይም ልዩነት አለው፦ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚማር ተማሪ በተለምዶ ድጋፉን አያገኝም፤ ወርክ ስተዲ ላይ መሥራት ግን ከዚህ ክልከላ ነፃ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። የኢሚግሬሽን ሁኔታን የሚመለከተው መስፈርት ለብቻው ነው፤ እሱንም ማሟላት ይጠበቃል።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጁዲት ስኮት-ክሌይተን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በ2016 ባወጣችው ጥናት፣ ከወርክ ስተዲ ይበልጥ የተጠቀሙት ያለ እሱም መሥራታቸው የማይቀር የነበሩ ተማሪዎች እንደሆኑ አሳይታለች። እነሱ የመመረቅ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የእኛን ልጆች የሚመለከተውም ይኸው ነው። የስደተኛ ቤት ልጅ መሥራቱ አይቀርም፤ የሚመርጠው የት እንደሚሠራ ነው።

የግቢው ሥራዎች እርስ በርስ ሲወዳደሩ

የቤተ መጻሕፍት ወይም የመግቢያ ጠረጴዛ ሥራ ሁሉም የሚፈልገው ነው፤ ነሐሴ ሳያልቅ ይያዛል። እውነት ነው፣ ጸጥ ባለ ሰዓት መጽሐፍ ይከፈታል። ያ ግን እንደ ተጨማሪ ስጦታ ይቆጠር እንጂ የጥናት ሰዓት ተብሎ አይያዝ። የመስታወት ቤቷን አስታውሱ፤ በየአምስት ደቂቃው የሚቋረጥ ንባብ ጥናት አይደለም። የዚህ ሥራ እውነተኛ ጥቅሙ ሌላ ነው። ከሥራ ወደ ክፍል ሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። የአውቶቡስ ሰዓት የለም። በሳምንት ስድስትና ሰባት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልቅበት ተማሪ ይህን በገንዘብ ቢተምነው የሰዓት ክፍያው ምን ያህል እንደሚጨምር ያየዋል።

የካፍቴሪያ ሥራ ላይ ያለንን ንቀት ልቃወም። አገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ያድራል፣ ይበላል፣ ይማራል፤ ወጪውን በወጪ መጋራት ውሉ መሠረት ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። እዚያ የተማረ ወላጅ ልጁ የሌሎች ተማሪዎችን ሳህን ሲያነሣ ማየት ይከብደዋል። እናቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ግን የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን እየበላ፣ ለየኔታ እንጨት እየለቀመ ውሃ እየቀዳ አይደለም ወይ ቅኔ የተቀኘው? ካፍቴሪያ ብዙውን ጊዜ ለመግባት የቀለለ ሥራ ነው፤ ብዙ ቦታ በፈረቃው ወቅት ምግብ ይሰጣል፤ ፈረቃ መቀያየርም አያስቸግርም። ጉድለቱ የማለዳና የማታ ፈረቃው ነው። ማታ አራት ሰዓት ድረስ ወለል ያጸዳ ተማሪ ለጠዋት ፈተና ጭንቅላቱ አይከፈትም። ከወሰዳችሁት የምሳውን ፈረቃ ጠይቁ።

አስጠኚነት ከሁሉ የምወደው ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ቀጥሮ ሌሎችን እንዲያስጠና ያደርጋል። ካልኩለስ ለሌላ ሰው አሥር ጊዜ ያስረዳ ልጅ ካልኩለስ አይረሳም፤ ሥራው ራሱ ጥናት ነው። ኮሌጆችም ከወርክ ስተዲ ገንዘባቸው ቢያንስ 7 በመቶውን ለኅብረተሰብ አገልግሎት ሥራ ማዋል አለባቸው፤ ሕፃናትን ማንበብ ማስተማር ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሕፃናት ጋር መሥራት ለምትፈልግ የመምህርነት ተማሪ ይህ ከቤተ መጻሕፍቱ ይሻላል። በእንግሊዝኛው አነጋገራቸው የሚያፍሩ አዲስ መጤ ልጆች ወደዚህ ሥራ አይጠጉም። በሒሳብና በፊዚክስ ግን ከብዙዎቹ ይሻላሉ፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር አነጋገር የለውም።

የላቦራቶሪ ወይም የምርምር ረዳትነት ሥራ ሰዓቱ ትንሽ፣ ክፍያውም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሕክምና ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ለሚያስብ ተማሪ ግን በስም የሚያውቀውና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ፕሮፌሰር ያገኝበታል። ይህን ሥራ በማስታወቂያ አታገኙትም። ከክፍል በኋላ ቆይታችሁ ፕሮፌሰሩን መጠየቅ አለባችሁ። ይሉኝታችን የሚጎዳን እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቻችን «ሥራ አለብዎት» ብለው ያልፉታል፣ ሌላው ገብቶ ይጠይቃል።

ማስተርስና ዶክትሬት ለምትማሩ ጨዋታው ሌላ ነው። የማስተማር ወይም የምርምር ረዳትነት ቦታ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ሆኖ የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፣ የወር ገንዘብም ይሰጣል። ከማመልከታችሁ በፊት ትምህርት ክፍሉ ይህን ለስንት ተማሪ እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ የኤፍ-1 ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አሳድዱ።

የዶርም ኃላፊነት

አር ኤ የሚሉት ሥራ ነው። አንድ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ተማሪዎችን ትጠብቃላችሁ፤ በምትኩ ክፍል በነፃ፣ አንዳንድ ቦታም ምግብ ጭምር ታገኛላችሁ። የዶርም ዋጋ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣና ለኤፍ-1 ተማሪ በገንዘብ ደረጃ የሚወዳደረው የግቢ ሥራ ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ከ20ው እንዴት እንደሚቆጠር ግን አማካሪያችሁን ጠይቁ።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። ኮሌጁ የነፃ ክፍሉን እንደ ድጋፍ ቆጥሮ ከሌላው እርዳታችሁ ላይ ሊቀንስ ይችላል። በአንድ እጅ የተሰጣችሁ በሌላው ከተወሰደ የምትሠሩት በነፃ ነው። ቦታውን ከመቀበላችሁ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሂዳችሁ «ይህን ብወስድ የድጋፍ ደብዳቤዬ ምን ይሆናል?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ሁለተኛው፣ ሥራው የሰዓት ወሰን የለውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የታመመ፣ የሰከረ ወይም የሚያለቅስ ተማሪ በር ያንኳኳል። ቀድሞውኑ እንቅልፍ የሚቸግረው ልጅ አይግባበት። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ወላጆቹ ቤት በነፃ እየኖረ ለሚማር ደግሞ የነፃ ክፍሉ ብዙ አያተርፍለትም፤ እሱ አስጠኚነቱን ይያዝ።

ከግቢ ውጭ መሥራት

ከባዱ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወዶ አይመርጠውም። አገር ቤት ታማሚ እናት ያለችው፣ የወንድሞቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በየወሩ የሚልክ ልጅ በሳምንት አሥር ሰዓት ሠርቶ አይበቃውም። እሱን «ካምፓስ ሥራ» ብሎ መምከር ችግሩን አለማየት ነው። ከግቢ ውጭ ሰዓት ይበዛል፣ ጉርሻ አለ፣ ትምህርት በሚዘጋባቸው ወራትም ደመወዝ አይቋረጥም። የሚጎድለው ስለ ፈተናችሁ የሚጨነቅ አለቃ ነው። የወርክ ስተዲ ተማሪ በክፍል ሰዓቱ እንዳይሠራ ደንቡ ይከለክላል፤ መጋዘኑ ግን የታኅሣሥ ፈተናችሁ ሳምንት ከገና ገበያ ጋር ስለሚገጥም ያን ሳምንት ነው ተጨማሪ ሰዓት የሚጠይቃችሁ።

እንዲህ ያለ ግዴታ ላለበት ሁለት ምክር አለኝ። አንደኛው ከምትማሩት ጋር የሚገጥም ሥራ መፈለግ ነው። ነርስነት የምትማር ልጅ የነርስ ረዳትነት የምስክር ወረቀት አውጥታ ሆስፒታል ብትሠራ፣ በሥራው ያየችውን ክፍል ውስጥ ታገኘዋለች፤ ለመቀጠርም መንገዷ ይከፈታል። ሁለተኛው የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ቀጣሪ መፈለግ ነው። አንድ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለሠራተኛው ትምህርት ሲከፍል ገንዘቡ ግብር አይቆረጥበትም፤ ብዙ ሆስፒታሎችና ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ይሰጣሉ። ስታርባክስ ከ2014 ጀምሮ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው ስምምነት በትርፍ ሰዓት የሚሠሩትንም ጭምር በኢንተርኔት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ሙሉ ቀን መሥራቱ ካልቀረ ትምህርቱን የሚከፍል ድርጅት ውስጥ ይሁን።

በሳምንት 35 ሰዓት እየሠሩ ሙሉ ጭነት መያዝን ግን አልመክርም፤ አድርጌው ወድቄበታለሁ። ኮርስ ስትጥሉ ወይም ስትወድቁ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ድጋፍ አጥጋቢ የትምህርት ሂደት ማሳየትን ይጠይቃል፤ ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ድጋፉ ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) ገብቶ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ መውሰድ ይሻላል። የፌዴራሉ መንግሥት አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሰጠው፣ የማይመለሰውና በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርሰው የፔል እርዳታ በኮርሱ ልክ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አይበቃም የሚባል አይሆንም።

ሁሉም ተማሪ የሚሠራባቸው ኮሌጆች

ከእኛ ሰው መካከል እነዚህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤርያ ኮሌጅ በ1855 ባርነትን በሚቃወሙ ሰዎች የተመሠረተ ሲሆን ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ይሠራል። የሚቀበለውም በዋናነት አቅም የሌላቸውን ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎችም ቦታ አላቸው። መጥረጊያ የሚሠሩበትና ሽመና የሚሸምኑበት ወርክሾፕ ሳይቀር አለ። ሚዙሪ ያለው ኮሌጅ ኦፍ ዘ ኦዛርክስም በሳምንት 15 ሰዓት ያሠራል። ዳላስ ያለው ፖል ኩዊን ኮሌጅ ይህንኑ አሠራር ከተማ ውስጥ ይከተላል።

በሦስቱ ጥያቄዎቼ ሲመዘኑ እነዚህ ይበልጣሉ። የሥራው ሰዓት ከክፍል ሰዓት ጋር አብሮ ይታቀዳል፤ አለቃውም የኮሌጁ ሰው ነው። ሁሉም ስለሚሠራ «የድሃ ልጅ ሥራ» የሚባል ነገር የለም። የሚጎድላቸው ምርጫ ነው፦ የትምህርት ዓይነቱ እንደ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አይበዛም፤ ቤርያን የመሰለው ደግሞ ትንሽ ከተማ ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ ያስኬዳል። በኢንጂነሪንግ ወይም በነርስነት ልባቸው የቆረጠ ልጆች ከማመልከታቸው በፊት ትምህርቱ መኖሩን ያጣሩ።

እኔ ብሆን

ቤተሰቧ አጠገብ የምትኖር፣ ግሪን ካርድ ያላት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብሆን ፋፍሳው እንደተከፈተ ሞልቼ፣ ወርክ ስተዲ ካገኘሁ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጠረጴዛ ላይ በሳምንት ከስምንት ሰዓት ሳላስበልጥ እሠራ ነበር፤ ሁለተኛውን ዓመት አስጠኚ፣ ሦስተኛውን ላቦራቶሪ። ኤፍ-1 ብሆን ከመምጣቴ በፊት የአንድ ዓመት ወጪዬን ያለ ሥራ ቆጥሬ፣ ስደርስ ካፍቴሪያ ገብቼ፣ ለሁለተኛው ዓመት የዶርም ኃላፊነት እወዳደር ነበር። ወርክ ስተዲ ካልተሰጠኝም ግቢውን አልተውም፤ ብዙ ቢሮዎች ከራሳቸው በጀት ተማሪ ይቀጥራሉ፣ በየቢሮው እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ለቤተሰብ የምልክ ብሆን ሆስፒታል፣ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ዘግይቶ መመረቅ።

ሥራ ልትጀምሩ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ስትቀመጡ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «በመጨረሻ ፈተና ሳምንት ፈረቃው እንዴት ይሆናል?» የመኪና ማቆሚያው ኃላፊ ይህን ስጠይቀው ሰሌዳውን አሳየኝና «ስምህ ያለበት ቀን ትመጣለህ» አለኝ። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ግን እኔ ሳልጠይቃት በኅዳር መጨረሻ አንድ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። የፈተናዎቼን ቀንና ሰዓት እንድጽፍላት ነበር፤ ሥራዬን በዚያ ዙሪያ አስተካከለችው።